ማጥመጃው የት ነው ያለው?

«ማጥመጃህ አሁን የት ነው ያለው?» አሉኝ አባባ።

«ከኋላችን ነው። 30 ሜትር ክር ለቅቄያለሁ።»

«ስለ ክሩ አልጠየቅኩህም ልጄ። ማጥመጃው የት ነው ያለው?»

መልስ አልነበረኝም። ግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ነን። ጉሙ ገና ከውሃው አልተነሳም። አባባ ይቀዝፋሉ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ የማጥመጃውን ዘንግ ይዣለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስንጎትት 3 ሰዓት ሊሆን ነው። አንድም ዓሣ አልነካንም። እኔ የማጥመጃዬን ቀለም ልቀይር ወይስ አልቀይር እያልኩ ሳሰላስል ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ ጥልቀት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

አባባ የጀልባዋ ባለቤት ናቸው። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዕድሜያቸውን የገፉት በእርሻ ነው። ግድቡ ከተሠራ በኋላ ግን መረብ ገዝተው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ። ግልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ሰርቦን አልፈን አሰንዳቦ አካባቢ ስንደርስ ውሃው ይታያል። ብዙ ሰው ከመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ሳልፈው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ቅዳሜ ሲደርስ በሌሊት መናኸሪያ ነኝ።

የማጠምደው እየጎተትኩ ነው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከኋላዋ ረጅም ክር ይለቀቃል። ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ዓሣ የሚመስል የፕላስቲክ ወይም የብረት ማጥመጃ አለ። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ማጥመጃው ሲጎተት ወደ ላይ መነሳቱ ነው። ዓሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ላይኛው ውሃ ላይ አይደለም። ስለዚህ ማጥመጃውን ወደ ታች የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል። ወይ ክብደት ይታሰርበታል፣ ወይ ጠላቂ፣ ማለትም በራሱ የሚጠልቅ ዕቃ ይገጠምለታል። የትኛውን እንምረጥ? ምን ያህል? ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ የደረስኩበትን ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት። ቪዲዮዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች የሚያጠምዱት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ፣ በጣም ጥልቅና ቀዝቃዛ ሐይቆች ላይ ነው። እዚያ በበጋ ዓሣው ቅዝቃዜ ፍለጋ 30 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ አራትና አምስት ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ በሽቦ ያወርዳሉ። ያንን አይቼ እኔም ከባድ ነገር ፈለግሁ። 250 ግራም እርሳስ አሰርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ስድስት ማጥመጃ አጣሁ። እዚህ ማጥመጃ እንደ ልብ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ተለምኖ ነው የሚገዛው። ስድስቱም እስካሁን ይቆጩኛል።

ሐይቁን ሳላውቅ ክብደት መርጬ ነበር። ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ውሃው ሲሞላ ታች የነበረው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና አጥር እንዳለ ሰጥሞ ቀርቷል። ከባድ እርሳስ በቀጥታ ወርዶ እዚያ ውስጥ ይገባል። ደግሞም ጥልቀት ሁሉ ዓሣ አለው ማለት አይደለም። በሞቃት አገር ሐይቅ ታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር ሳይደባለቅ ሲቆይ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ዓሣም ከዚያ ይሸሻል። ሌሎቹን ሐይቆቻችንንም ብናይ አብዛኞቹ ጥልቅ አይደሉም። ጣና ያን ያህል ሰፍቶ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ 22 ሜትር ገደማ ነው። ዝዋይ 9 ሜትር እንኳ የሚሞላው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። ሻላ ብቻ ነው 260 ሜትር የሚያልፈው፤ እሱ ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ለዓሣ አይመችም። ለአራት ኪሎ ኳስ የሚሆን ሐይቅ የለንም ማለት ይቻላል።

ሌላም የሳትኩት ነገር ነበር። እዚህ በብዛት መረብ ውስጥ የሚገቡት ቆሮሶና ቢልጫ ናቸው። ቢልጫን ባርበስ የሚሉትም አሉ። ቆሮሶ በዋናነት የሚበላው በውሃ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ነው። የፕላስቲክ ዓሣ ብንጎትትለት ግድ የለውም። ቢልጫ ግን ያገኘውን ይበላል፤ ተለቅ ያለው ደግሞ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል። እየጎተትን የምንፈልገው እሱን ነው። ክብደት ከመምረጥ በፊት ዓሣውን መምረጥ ይቀድማል።

ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ።

ቤት ስደርስ የእህቴን ልጅ ፕሮትራክተር ተዋስኩ። መሐሉ ላይ ክር አስሬ ጫፉ ላይ ዳዶ አንጠለጠልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክሩ ወደ ውሃ የሚገባበትን ማዕዘን ለካሁ። የታሰረው እርሳስ 60 ግራም ነው። የተለቀቀው ክር 30 ሜትር ነው። ፍጥነታችን በስልክ ሲታይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰው እርምጃ ቀስ ያለ ማለት ነው። ክሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር 82 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ተኝቷል። በትምህርት ቤት ሒሳብ ሲሰላ ጥልቀቱ 4 ሜትር ይመጣል። «አባባ፣ 4 ሜትር ላይ ነው!» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር።

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዘፋውን ወደ ዳር አዞሩት። ዛፍ የሌለበት፣ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ቦታ ያውቃሉ፤ ድሮ የግጦሽ መስክ የነበረ ነው። ፍጥነቱን ሳንቀይር ወደዚያ ጎተትን። ድንገት ዘንጉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማጥመጃው መሬት ነካ። ማጥመጃው የነካበት ቦታ ላይ ተመልሰን ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አወረድን። 7 ሜትር ነው።

ለምን 4 ሳይሆን 7 ሆነ? ይህን ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ክሩ በውሃ ውስጥ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ውሃው ክሩን ራሱን ይገፋዋል። ጀልባዋ አጠገብ ያለው ክፍል ከታች ያለውን ክር ሁሉ ግፊት ስለሚሸከም በጣም ተኝቶ ይታያል። እርሳሱ አጠገብ ያለው ክፍል ግን ወደ ታች ያዘነበለ ነው። እኛ ከጀልባ ላይ የምናየው የተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናችን ማጥመጃው ካለበት ከፍ አድርጎ ይገምተዋል። ከዚያ ወዲህ ማዕዘን መለካት ትቻለሁ። የማምነው መሬቱን ነው። አዲስ ክብደት ወይም አዲስ ክር ሳገኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያች የድሮ መስክ ነው።

በዚያው ቀን ፍጥነቱንም ሞከርነው። አባባ ጠንከር አድርገው ቀዘፉ፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ደረስን። ያው 60 ግራም፣ ያው 30 ሜትር ክር 4 ሜትር ተኩል ላይ መሬት ነካ። በፍጥነት ብቻ ሁለት ሜትር ተኩል ተነሳ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የውሃ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ስንት ግራም ልሰር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ መናገር አለበት። የክሩ ውፍረትም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ክር ግፊቱ ስለሚያንስበት በዚያው ክብደት ጠለቅ ይላል። እርሳስ ከመጨመር ክር ማቅጠን ብዙ ጊዜ ይሻላል።

አሁን ስለ ክብደቱ ምንነት።

ጅማ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ክብደት የሚሸጥበት ሱቅ አላውቅም። ስለዚህ ወደ ጋራዥ ነው የሄድኩት። ጎሚስታ ጓደኛ አለኝ፤ ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን አሮጌ እርሳስ በቆርቆሮ ሙሉ ሰጠኝ። ከሌላ ጋራዥ ደግሞ የተቃጠሉ ካንዴላዎች፣ ዳዶና የተቆረጡ ቡሎኖች አመጣሁ። ከአዌቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ለቀምኩ። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ሞከርኩ።

አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ግዝፈቱ ነው። 100 ግራም እርሳስ ውሃ ውስጥ 91 ግራም ያህል ይሆናል። 100 ግራም ብረት 87 ይሆናል። 100 ግራም ተራ ድንጋይ ግን ወደ 63 ይወርዳል። እርሳስና ብረት ያን ያህል አይራራቁም። ይህ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። ያለ እርሳስ አይሆንም ብዬ አምን ነበርና። ድንጋይ ግን በሁለት በኩል ይጎዳል። ክብደቱም ይቀንሳል፤ ከእርሳስ አራት እጥፍ ስለሚገዝፍ ውሃውም በብዙ ይገፋዋል። ለመጎተት አይሆንም ማለት አይደለም። ሞላላና ለስላሳውን መርጦ ከፍ ያለ ክብደት ማሰር ነው።

ካንዴላ ጥሩ ነው። ግማሹ ሸክላ ቢሆንም ቅርጹ ረዘም ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ለማሰርም ይመቻል። ክብደት ለማስተካከል ደግሞ እንደ ዳዶ የሚሆን የለም። ሦስት የነበረውን አራት፣ አራት የነበረውን አምስት እያደረጉ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይቻላል። ግን ዳዶ ሲጎተት ይሽከረከራል። ክሩን ያጠመዝዘዋል። በክብደቱና በማጥመጃው መካከል እንደ ልቡ የሚዞር ማያያዣ ካልገባ ክሩ በግማሽ ቀን ውስጥ የማይፈታ ቋጠሮ ይሆናል። ከታች ሆድ ያለው፣ የጀልባ ቅርጽ ያለው ክብደት ከሁሉ ይሻላል፤ አይሽከረከርም።

እርሳሱን በተመለከተ የምናገረው ከባድ ነገር አለ። ያንን የጎማ እርሳስ ግቢያችን ውስጥ በከሰል ምድጃ ላይ አቅልጬዋለሁ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ለከሰል ቀላል ነው። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ብረቱ እንደ ብር ሲያበራ ደስ አላት። ትንንሾቹን እርሳሶች ደግሞ ክሩ ላይ የምጨምቀው በጥርሴ ነበር። በኋላ ነው ያነበብኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ያን ቀን ማታ ልጅቷን እያየሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምድጃውን፣ ድስቱን፣ አመዱን ሁሉ ከቤት አወጣሁ። እናቴ «ለዓሣ ብለህ ነው?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ወፎችም አሉ። እንግሊዝ በ1987 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን ትንንሽ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ያገደችው ዳክዬ መሳይ ትልልቅ ነጭ ወፎች ጠጠር መስሏቸው እየዋጡት ስለሞቱ ነው። ጅማ አጠገብ ባለው ቦዬ ረግረግ ላይ ጠዋት የወፉን ብዛት ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። አሁን እርሳስ አልጠቀምም። የቀረኝን ለጎሚስታው መለስኩለት። ከላይ የጻፍኳቸውን የእርሳስ ልኮች ያስቀመጥኳቸው ማነጻጸሪያ እንዲሆኑ ነው። በብረት መሥራት የሚፈልግ ሰው ትንሽ ጨመር አድርጎ ያው ጥልቀት ይደርሳል።

የመጨረሻው ነገር ጠላቂው ነው። እኔ አሁን በብዛት የምጠቀመው እሱን ነው።

ጠላቂ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ከማጥመጃው አገጭ ሥር ወደ ፊት የወጣች የፕላስቲክ ምላስ አለች። ሲጎተት ውሃው ምላሷን ከላይ ይመታታል፤ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋዋል። ክንፍን ገልብጦ እንደ መጠቀም ነው። ምላሷ ረጅምና ወደ ፊት የተጋደመች ከሆነች በጥልቀት ይወርዳል። አጭርና ወደ ታች የቆመች ከሆነች ላይ ላይ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ ምላሷን አይቶ ብቻ መገመት ይቻላል። ለብቻው የሚሠራ ጠላቂም አለ፤ ክብ ሳህን ይመስላል፣ ከማጥመጃው ፊት ለፊት ይታሰራል። ዓሣ ሲነክስ ማያያዣው ይለቅና ሳህኑ ይጋደማል። ካልተጋደመ ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን ስንታገል እንውላለን።

የጠላቂ ትልቁ ጥቅም ከክብደት ጋር ሲተያይ ነው። ጀልባዋ ስትፈጥን ክብደት ይነሳል። ጠላቂ ግን የሚወርደው በዚያው በውሃው ግፊት ስለሆነ ጥልቀቱ ብዙም አይናወጥም። ሰው ሲቀዝፍ ደግሞ ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። አባባ ሲደክማቸው ቀስ ይላሉ፤ ከሌላ ጀልባ ጋር ሲያወሩ ይረሱታል። ጠላቂው ያንን ይችላል።

ለእኔ ከዚያም የሚበልጠው ሲቆም የሚሆነው ነው። አብዛኛው ምላስ ያለው የፕላስቲክ ማጥመጃ ተንሳፋፊ ነው። ጀልባዋ ስትቆም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ክብደት ግን ይሰምጣል። በዛፍ መቃብር ላይ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ልዩነት የማጥመጃው ሞትና ሕይወት ነው። ዘንጉ ቅርንጫፍ ሲነካ ይሰማኛል። «አባባ፣ ይቁሙ!» እላለሁ። ቀዘፋው ይቆማል። ክሩን አላላለሁ። ማጥመጃው ወደ ኋላ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ጠላቂ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ በዓመት ያጣሁት ሁለት ብቻ ነው።

ጉድለትም አለው። ቀስ ብለው ከሄዱ አይወርድም፤ የሚሠራው በግፊት ነውና። አረም ከያዘውም ሥራውን ያቆማል። ክረምት ላይ ወንዙ ቅጠልና ጭቃ ሲያመጣ በየአምስት ደቂቃው ማውጣት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል። ያን ጊዜ ክሩ የሚታሰርበትን የሽቦ ቀለበት በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ወደ ተቃራኒው ጎን ማጠፍ ነው። ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ከሸሸ ቀለበቱ ወደ ቀኝ። የፀጉር ያህል ይበቃዋል።

ክብደት የግድ በሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም ቀስ ብሎ መሄድ ሲያስፈልግ ወይም የብረት ማጥመጃ ስንጎትት፣ አባባ ያሳዩኝን አደርጋለሁ። ድንጋዩ በዋናው ክር ላይ አይታሰርም። በአጭርና በጣም ደካማ ክር ከጎን ይንጠለጠላል፤ ያረጀ የልብስ ስፌት ክርም ይሆናል። ዛፍ ከያዘው የሚበጠሰው እሱ ነው። የአዌቱ ድንጋይ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ማጥመጃው ወደ እኔ ይመጣል። የመረብ ሰዎች ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል።

ጥልቀቱን ራሱ በየወሩ እንደገና እለካለሁ። በግንቦት ውሃው ወርዶ ዛፎቹ ራሳቸውን ያወጣሉ። በመስከረም ያው ቦታ ተሞልቶ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ደብተሬ ላይ ወሩን፣ ፍጥነቱን፣ ክሩን፣ መሬት የነካበትን እጽፋለሁ። ክሩ ላይ በየ5 ሜትሩ ባለቀለም ክር ቋጥሬያለሁ፤ ቀዩ 10 ነው፣ አረንጓዴው 20።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ ደብተሬን አዩና ዝም አሉ። ከዚያ መቅዘፊያውን ለእኔ ሰጥተው ክብደት የታሰረበትን ዘንግ ወሰዱ። ክሩን ከዘንጉ ላይ በሌባ ጣታቸው ሳብ አድርገው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለጥቂት ጊዜ ቀዘፍኩ።

«ሦስት ሜትር ነው» አሉ። «አሁን ትንሽ ወረደ። ቀስ ብለሃል መሰለኝ፣ መንቀጥቀጡ ሳስቷል። ጠንከር አድርግ።»

ወደ መስኩ ወሰድኩት። ሦስት ሜትር ከሩብ ላይ ነካ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«መረብ ሃያ ዓመት በእጄ ይዤ» አሉኝ፣ ዘንጉን እየመለሱልኝ። «በጣትህ ያዘው። በል፣ አሁን እኔ ልቅዘፍ።»

ይህን የምጽፈው እሑድ ማታ ነው። ክሩ የነካው የሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ሠርቷል። ትናንት አራት ጊዜ ገመትኩ። አንዱን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እሱም ቢልጫው ከመንከሱ ጥቂት በፊት ነበር።